ዜማው ቀረ፣ ስሙ ተፋቀ

ሳሌህ አል-ኩወይቲ እ.ኤ.አ. በ1908 ኩዌት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። እሱ በቫዮሊን፣ ታናሽ ወንድሙ ዳውድ በኡድ ገና በልጅነታቸው ስም አወጡ፤ በኋላም ባግዳድ ገቡ። ሳሌህ ለዘፋኟ ሳሊማ ሙራድ የደረሰላትን አንድ ዜማ ኡሙ ኩልሱም በ1932 ባግዳድ መጥታ ስትሰማ ወዳው ራሷ ዘፈነችው። ኡሙ ኩልሱም እኮ ናት! የሰው አገር ዜማ ማንሳት ልማዷ አልነበረም። የኢራቅ ሬዲዮ በ1936 ሲከፈትም ኦርኬስትራውን ያቋቋሙት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው።

ከዚያ 1950 መጣ። ከኢራቅ የሚወጣ አይሁዳዊ ዜግነቱን እንዲያጣ ተደነገገ፤ በዓመቱ ንብረትም ታገደ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነቅሎ ሲወጣ እነሳሌህም በ1951 እስራኤል ገቡ። እዚያ ደግሞ የአረብ ሙዚቃ የጠላት ሙዚቃ ተብሎ ይናቅ ነበር። በእስራኤል ሬዲዮ የአረብኛ ክፍል ቢጫወቱም፣ እንጀራቸው ቴላቪቭ ሃቲክቫ ሰፈር የከፈቱት የቤት ዕቃ ሱቅ ሆነ።

ከእኛው ባች ባህር ማዶ ተሻግሮ ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ሌላ ሥራ የጀመረ ስንት አለ? ስለዚህ ሱቁ ብዙም አይገርመንም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው፦ በሳዳም ዘመን ዜማዎቹ በኢራቅ ሬዲዮ መሰማታቸው ሳይቋረጥ የደራሲው ስም ተፋቀ፤ «የሕዝብ ዜማ» ተባሉ። ያውም ሰውዬው በሕይወት እያለ! ያረፈው በ1986 ነው።

የዳውድ የልጅ ልጅ ዱዱ ታሳ በ2011 ዜማዎቹን ከሮክ ጋር አዋህዶ አልበም አወጣ። የባንዱ ስም «ዱዱ ታሳና ኩዌታውያኑ» ነው።