ባንዲራ ለጀልባ ሲከራይ፦ የባሕር ሰነድ፣ ቅጣቱና ከወለሉ በታች የነበሩት

በስደት ዓለም የምንኖር ሰዎች የወረቀትን ጉልበት ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻንም። በኤምባሲ ደጃፍ ተሰልፈን፣ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረነዋል። መርከብም በዚህ ረገድ ከስደተኛ አይለይም። የየት አገር እንደሆነ የሚመሰክርለት ሰነድ ከሌለው ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይቆጠራል፤ የጦር መርከብ ያስቆመዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ፍርድ ቤት ይወርሰዋል። ታዲያ ይህ ሕግ በእኛው ደጅ፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ፣ ማንን ቀጣ? ማንንስ አስመለጠ? (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የባሪያ ንግድን ለመግታት የጦር መርከቦቿን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አሰማርታ ነበር። ያለ በቂ ወረቀት የተገኘ ሳምቡክ ተይዞ ሊወረስ ይችል ነበር። ነገሩ ሲታይ መልካም ነው። ነገር ግን ለባሕርተኞቹ የሚከፈለው ጉርሻ ነፃ በወጣው ሰው ቁጥርና በተያዘው ጀልባ ቶን ይሰላ ነበርና፣ ምንም ባሪያ ያልጫኑ የነጋዴ ጀልባዎች ሳይቀሩ ተይዘው እዚያው ባሕር ላይ እንዲቃጠሉ ምክንያት ሆነ። ቀጪው ከቅጣቱ የሚጠቀም ሲሆን ፍርድ ወደ ዘረፋ ይዞራል። ይህን ለእኛ ማንም ሊነግረን አይገባም፤ አገራችን በየዘመኑ ያየችው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፈረንሳይ ነበረች። የናፖሊዮን ዘመን ጦርነት ቂም ያልለቀቃት ፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ የጦር መርከብ በእሷ ባንዲራ የሚሄድን ጀልባ እንዲፈትሽ አልፈቀደችም። ወረቀቱን ማየት እንጂ ወለሉን ከፍቶ መፈተሽ ክልክል ሆነ። የባሪያ ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት የሕግ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለጋቸውም። በኦማን የሱር ከተማ ባለ ጀልባዎች ከፈረንሳይ ቆንስሎችና ከቅኝ ግዛት ሹማምንቷ ወረቀትና ባንዲራ እየተቀበሉ፣ የአገራቸው ሱልጣንም ሆነ የእንግሊዝ መርከብ የማይነካቸው ሆኑ። በዲሴምበር 1881 የእንግሊዙ ካፒቴን ብራውንሪግ በፔምባ ደሴት አጠገብ የፈረንሳይ ባንዲራ ወደሰቀለ ሳምቡክ የቀረበው ወረቀቱን ሊያይ ነበር። ጀልባው ባሪያ ጭኖ ነበርና ባሕርተኞቹ ተኩስ ከፍተው እሱንና ከሰዎቹ የተወሰኑትን ገደሉ።

በ1890 አሥራ ሰባት መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው አንድ ሰፊ ውል ተፈራረሙ። የአገሬው ጀልባ ባንዲራ እንዲሰቅል የሚፈቀድለት ባለቤቱ የባንዲራው አገር ዜጋ ወይም ጥገኛ ሲሆን፣ ንብረት ወይም ዋስ ሲያቀርብ፣ በባሪያ ንግድም ተፈርዶበት የማያውቅ ሲሆን ነው ተባለ። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በማናቸውም ጊዜ ሊነጠቅ ይችላል። ጥፋተኛ ሆኖ የተፈረደበት ጀልባ ይወረሳል፤ ካፒቴኑና ግብረ አበሮቹም ይቀጣሉ። ያለ አግባብ ለተያዘው ግን ካሣ ይከፈለዋል። ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው አንቀጽ፣ አንድ ጥቁር ሰው በባሕርተኝነት ወይም በተሳፋሪነት ከመሳፈሩ በፊት በፈቃዱ የሚሄድ መሆኑን ሹም እንዲጠይቀው የሚያዘው ነበር። ፈረንሳይ ውሉን በጃንዋሪ 2 ቀን 1892 ስታጸድቅ ግን የፍተሻና የመያዝ አንቀጾቹን ቆርጣ አስቀረች። ማለትም ሕጉን ተቀብላ ጥርሱን አወለቀች።

ጉዳዩ በመጨረሻ በሄግ የግልግል ፍርድ ቤት ቀረበ። ኦስትሪያዊው ላማሽ፣ የአሜሪካው ዋና ዳኛ ፉለርና የኔዘርላንዱ ሳቮርኒን ሎህማን በኦገስት 8 ቀን 1905 ፈረዱ። ከጃንዋሪ 2 ቀን 1892 በፊት ፈረንሳይ ባንዲራዋን ለፈለገችው የመስጠት መብት ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከ1863 በፊት ጥገኞቿ መሆናቸው ለተረጋገጠ ብቻ እንጂ ለሌላ መስጠት አትችልም አሉ። ወረቀቱም ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ጀልባ አይተላለፍም፤ ባለቤቱንም ከሱልጣኑ ሥልጣን ነፃ አያወጣውም። ፍርዱ ትክክለኛ ነበር። ሆኖም የተሟገቱት ሁለት ኃያላን ስለ ክብራቸውና ስለ ጥቅማቸው እንጂ፣ ከወለሉ በታች ስለታጨቁት ሰዎች አልነበረም። እንግሊዝ ራሷ በ1891 ሱልጣኑን ያለ እሷ ፈቃድ መሬት ለማንም እንዳይሰጥ በውል አስራው ነበርና።

ከወለሉ በታች የነበሩት እነማን ናቸው? በሴፕቴምበር 1888 ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ የመን የሚሻገሩ ሦስት ሳምቡኮችን ሲይዝ 204 ሰዎች አገኘ። አብዛኞቹ ከአገራችን የተነጠቁ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ ከእነርሱም 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከመካከላቸው ቢሾ ጃርሳ የተባለችው ልጅ፣ በሮበን ደሴት ለአሥር ዓመት የታሰረው የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት። በአንድ ጀልባ ወለል ሥር ተደብቃ የተሻገረች ልጅ፣ ለሌላ ሕዝብ ነፃነት የታሰረ የልጅ ልጅ አፈራች። ሳይያዙ ያለፉት ጀልባዎች ስንቱን ይዘው እንደቀሩ ልቡና ያለው ያስበው!

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ባሕሩን ይመልከት። በኦገስት 2025 በየመን አብያን ጠረፍ በሰጠመች አንዲት ጀልባ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የዛሬዎቹ እንደ ቀድሞዎቹ በሰንሰለት አልታሰሩም፤ ድህነትና ጦርነት ገፍቷቸው፣ ደላላ አታሏቸው ነው የተሳፈሩት። የደላላ ጀልባ የተሳፋሪ መዝገብ አይዝም። ከመሳፈራቸው በፊት «በፈቃድህ ነው ወይ? ወዴት እንደምትሄድስ ታውቃለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሹምም የለም። የ1890ው ሕግ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ያ ቀላል ጥያቄ፣ ከ130 ዓመት በኋላም በእኛ ልጆች ዘንድ አልደረሰም።

እንግዲህ ትምህርቱ ምንድን ነው? ቅጣት መጻፍ ቀላል ነው። ቀጪው ከቅጣቱ ጉርሻ የሚበላ ከሆነ ንጹሑ ይቃጠላል፤ ባንዲራ ሰጪው ለሰጠው ባንዲራ የማይጠየቅ ከሆነ ደግሞ ወንጀለኛው በሕግ ጥላ ሥር ይጓዛል። ባንዲራ ማለት ኃላፊነት ነው። በባንዲራው ሥር ለሚጓዘው ሰው መልስ የማይሰጥ መንግሥት፣ የትናንቱም ይሁን የዛሬው፣ የሰቀለው ጨርቅ ነው። መርከቡ የማን ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት በውስጡ ማን አለ ብለን እንጠይቅ።