ፐርሲ ጁሊያን፦ ከአኩሪ አተር መድኃኒት የቀመሙት ኬሚስት

አሜሪካዊው የኢንዱስትሪ ኬሚስት ፐርሲ ጁሊያን ውድ የነበሩ መድኃኒቶች ከዕፅዋት በብዛትና በርካሽ እንዲመረቱ መንገድ ከጠረጉ ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው።

ጁሊያን እ.አ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1899 በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ተወለዱ። አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ፣ አባታቸው ደግሞ የፖስታ ሠራተኛ ነበሩ። በትውልድ ከተማቸው ለጥቁሮች ደረጃውን የጠበቀ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ዲፖ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የጎደላቸውን ትምህርት ጎን ለጎን መከታተል ግድ ሆነባቸው። ያም ሆኖ በ1920 ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው ተመረቁ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከሃርቫርድ፣ ዶክትሬታቸውን በ1931 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ አገኙ።

በ1935 ከባልደረባቸው ጆሴፍ ፒክል ጋር ፋይሶስቲግሚን የተባለውን የግላኮማ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ሠሩ። ይህ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ ከሚበቅለው የካላባር ባቄላ ነው። በጊዜው ስመ ጥሩ የኦክስፎርድ ኬሚስት ሮበርት ሮቢንሰን የተለየ ውጤት አሳትመው ነበር፤ ትክክለኛው ግን የጁሊያን ሆኖ ተገኘ። እንዲህም ሆኖ በቀለማቸው ምክንያት ቋሚ የመምህርነት ሹመት ተነፈጉ።

ስለዚህ በ1936 ቺካጎ ወደሚገኘው ግሊደን ኩባንያ አመሩ። እዚያ ከአኩሪ አተር የለዩት ፕሮቲን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመርከብ ቃጠሎ ለማጥፋት ለዋለው አረፋ ግብዓት ሆነ። አንድ ቀን በዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ውኃ ገብቶ ነጭ ዝቃጭ ፈጠረ። ሌላው እንደ ብልሽት ሊቆጥረው የሚችለውን ይህን ዝቃጭ ጁሊያን ስቲግማስቴሮል መሆኑን ለዩት፤ ከእሱም ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ማምረት ተቻለ። በ1949 ደግሞ ከኮርቲዞን በአንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ የሚያንሰውን «ኤስ» የተሰኘ ውሁድ በርካሽ የሚሠሩበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ። የጎደለውን ኦክስጅን ኋላ ላይ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት መጨመር ተቻለ።

በ1950 «የዓመቱ ቺካጓዊ» ተብለው ተሰየሙ። በዚያው ዓመት የነጮች መኖሪያ በነበረው ኦክ ፓርክ የገዙት ቤት ገና ሳይገቡበት ሊቃጠል ተሞከረ፤ በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወር ዳይናማይት ተወረወረበት። ቤተሰቡ ግን አካባቢውን አልለቀቀም።

ጁሊያን በኋላ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው በ1961 ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጡት። ከ100 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግበዋል። በ1947 የስፒንጋርን ሜዳሊያ ተሸልመዋል፤ በ1973 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ሲመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር ኬሚስት ነበሩ።

ጁሊያን ሚያዝያ 19 ቀን 1975 በ76 ዓመታቸው አረፉ። በ1993 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የፖስታ ሠራተኛውን ልጅ ምስል በቴምብር ላይ አትሞ መታሰቢያ አድርጎላቸዋል።