አልገጥም ያለው ሳክስፎን



ሰሞኑን በመጠለያችን የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ክርክር ተነስቷል። ጓዱ ገዳሪፍ ከተማ ሠርግ እየተጫወተ ጥቂት ገንዘብ ያመጣል። ማሲንቆ መቺያችን ግን ከኦርጋኑ ምት አንዴ ሲቀድም አንዴ ሲዘገይ ጭፈራውን ያበላሻል ተባለ። «ይውጣ» ያሉም አሉ። ይህን ስንሰማ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ታሪክ ትዝ አለን። (ዓመታቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሽ ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። እነዚህ ጓዶች በኖታና በእኩል ምት የሚጓዙ ነበሩ። እሳቸው ግን በቴነር ሳክስፎን ሽለላ ይነፉ ጀመር። ሽለላ ለጭፈራ ምት አይገዛም፤ የሚሄደው በሸላዩ ትንፋሽ ነው፤ ይጮኻል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል።

ታዲያ ሳክስፎኑ ከመድረክ ወረደን? አልወረደም። ጋሽ ጌታቸው ከጓዱ ጋር ሆነው ዘፋኞችን ያጅቡ ነበር፤ የሽለላው ተራ ሲደርስ ደግሞ የጦረኛ ልብስ ለብሰው፣ ጎፈር ደፍተው በሳክስፎናቸው ይሸልሉ ነበር። በ1972 ዘፋኝ የሌለበት፣ ሳክስፎናቸው ፊት የቆመበት ሸክላ አስቀረጹ። በ2004፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ፣ ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ ባንድ ለበዓሉ ጋበዛቸው። ባንዱ በሚያጓራ ጊታር የታወቀ ነው። ጋሽ ጌታቸውም «ለአልበሜ እናንተ አጅቡኝ» አሉ፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ። በ2016 እስኪያርፉ ድረስ ሽለላቸውን አልተዉም።

ወደ እኛው ጉዳይ እንመለስ። የሱዳኖቹ ዘፈን እንደኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጣጣው ያለው ከድምፁ ሳይሆን ከምቱ ነው። ለዚህም መላ አለው። ጭፈራው ሳይጀመር ኦርጋኑ ዝም ይበል፤ ማሲንቆው ብቻውን በራሱ ትንፋሽ ይናገር። ከዚያ በኋላ ኦርጋኑ ይቀጥል።

ማሲንቆ መቺውን አስወጥተን የምናገኘው ገንዘብ በሳምንቱ ያልቃል። እሱ ከሄደ ግን እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ማሲንቆ ከማን ይሰማሉ? ጓዱ ከመወሰኑ በፊት ይህን እንዲያስብበት እንለምናለን።