ዳጋ እስጢፋኖስና የዘመናችን ሰው

የሰው ልጅ በዓለም ሥራ ሲደክም ጸጥታን መናፈቁ የዛሬ ብቻ ጠባይ አይደለም። ይህ ናፍቆት በአባቶቻችን ዘንድ ምናኔ የሚባል መንገድ ነበረው፤ ብዙዎችንም ወደ ጣና ደሴቶች አድርሷቸዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቁ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር የነበረው ኂሩተ አምላክ ወደ ዳጋ መጥቶ የእስጢፋኖስን ገዳም መሠረተ። ከዚያ በኋላ መናንያን ብቻ ሳይሆኑ ነገሥታትም ወደ ደሴቲቱ ገቡ፤ ነገር ግን እነርሱ የገቡት ከሞቱ በኋላ ነው። የይኩኖ አምላክ፥ የዳዊት፥ የዘርዐ ያዕቆብ፥ የዘድንግልና የፋሲለደስ አስከሬን በዚያ ይገኛል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ፋሲለደስ ነው። ጎንደርን ቆርቍሮ፥ ዛሬም ጎብኚ የሚደነቅበትን ግንብ ያሠራው ንጉሥ በ1660 ዓ.ም. ሲያርፍ፥ ሥጋው በግንቡ አጠገብ አልቀረም፤ ውኃ ተሻግሮ ከመነኮሳት ዘንድ ዐረፈ። ሰው የሚኖርበትንና የሚያርፍበትን ለይቶ ያስብ የነበረበት ዘመን ይመስለናል።

ባሕር ዳር በበኩሏ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረች ትንሽ መንደር ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፥ በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒኩ፥ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። ቀኑም በደወል ብቻ ሳይሆን በፈረቃ ይከፈል ጀመር። ይህን አንነቅፍም፤ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ የተጋገረው በዚያ ፈረቃ ነውና።

ባለፈው ዓመት ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ጋራ በሞተር ጀልባ ወደ ዳጋ ተሻግረን ነበር። ሴት ወደ ደሴቲቱ ስለማትወጣ ሁለት እኅቶቻችን ከጀልባው ቀሩ። (እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው ከዚያው አጠገብ በደቅ ደሴት ነው፤ ናፍቆቱ የወንድ ብቻ እንዳልነበረ ይህ ይመሰክራል።) ዳገቱን ጨርሰን ስንደርስ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀበሉን።

«ልጆቼ፥ ለመሳለም ነው የመጣችሁት ወይስ ለማየት?» አሉን።

«ለሁለቱም ነው፥ አባታችን» አልን።

«እንግዲያው ጫማችሁን አውልቁና አስቀድማችሁ ተሳለሙ።»

ተሳለምን፤ ዳሩ ግን ቸኵለን ነበር። ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ የነገሥታቱን አስከሬን በመስተዋት ውስጥ ስናይ ጥያቄያችን በዛ፦ ይህ የማን ነው? ስንት ዓመት ሆነው? ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀዳልን? አንዳችንም ግን ለእኒያ አባት፥ ሌሊቱን እንዴት ያነጋሉ፥ በዚህ ጸጥታ ውስጥስ ምን ይሰማዎታል ብለን አልጠየቅናቸውም። ጸጥታ ናፈቀን ብለን ሐይቅ የተሻገርን ሰዎች፥ ስለ ጸጥታ የሚያውቀውን ሰው በር እንደሚከፍት ዘበኛ ብቻ አየነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሳይነሣ እንመለስ ብሎ ባለ ጀልባው ጠራን። እኅቶቻችን «ምን አያችሁ?» ቢሉን ነገሥታቱን በየስማቸው ቈጠርንላቸው።

«መነኮሳቱስ ምን አሉአችሁ?» አሉን።