በጎሬ ኮረብታ የዋልንበት ቀን

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታሪክ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ብዙዎቻችን ስለ አክሱም ሐውልት ወይም ስለ ጎንደር ግንብ ለመጻፍ ተሰናድተን ነበር። አክሱምንም ጎንደርንም በዓይኑ ያየ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። የታሪክ መምህራችን አሳባችንን ከሰሙ በኋላ ፈገግ ብለው፤ «ጎሬን ያየ አለ?» ሲሉ ጠየቁን። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ከመቱ እስከ ጎሬ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለገበያም ለሠርግም ለለቅሶም ሄደንበታል። «እንግዲያውስ የኢትዮጵያ መንግሥት በጎሬ ስንት ወር እንደ ተቀመጠ ንገሩኝ» ባሉን ጊዜ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከመካከላችን በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን አለን። የኢያሪኮ ቅጥር ስንት ቀን እንደ ተዞረ፥ ሮማን ቆረቆሩ የሚባሉት ወንድማማቾች ማንና ማን እንደ ሆኑ ከእንቅልፋችን ብንቀሰቀስ እንኳ ሳንሳሳት እንመልሳለን። ስለ ጎሬ የምናውቀው ግን ዝናቧንና ጭቃዋን ብቻ ነበረ። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ሽሮና እንጀራችንን ቋጥረን፥ በአንድ ሚኒባስ ተጣበን ተነሣን።

አስጐብኚያችን የጎሬ ተወላጅ የሆኑ፥ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ ስላልፈቀዱ እኛም እንደ ልማዳችን «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ባርኔጣቸውን አጥልቀው፥ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ከመንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ሰላምታችንን ከተቀበሉ በኋላ ወዲያውኑ፤ «ልጆቼ፥ እዚህ ግንብ ለማየት ከመጣችሁ ታዝናላችሁ። የማሳያችሁ ስፍራውን ነው፤ የቀረውን በጆሯችሁ ነው የምታዩት» አሉን።

በመጀመሪያ የወጣነው ደጃዝማች፥ በኋላም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ወደሚያስተዳድሩበት ኮረብታ ነበረ። ከዚያ በፊት አገሩ የራሱ ገዦች እንደ ነበሩት፥ ከእነርሱም መካከል የኢሉው ጫሊ ሾኔ ስሙ እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ እንዳለ ጋሼ አስቀድመው ነገሩን። የአጼ ምኒልክ ጦር በተሰማ መሪነት ከገባ በኋላ ጎሬ የጦር ሰፈር፥ ቀጥሎም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። ተሰማ ስለ ምን ይህን ኮረብታ እንደ መረጡ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ቆሞ ወደ ምዕራብ ማየት ይበቃል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከቆላው ንዳድ ያመልጣል፤ ከእግሩ በታች የቡናው ጫካ ነው፤ ከጫካው ወዲያ ቁልቁል የሚወርደው አገር እስከ ባሮ ወንዝና እስከ ነጭ ዓባይ ይሄዳል።

ተሰማም በ1890 ዓ.ም. ወደዚያው ወረዱ። በዚያ ዘመን እንግሊዝና ፈረንሳይ የነጭ ዓባይን ሸለቆ ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበርና አጼ ምኒልክም የግዛታቸውን ወሰን ለማስከበር ጦር ላኩ። ከጦሩ ጋር ፈረንሳውያንና አርታሞኖቭ የሚባል የሩሲያ ኮሎኔል ነበሩ። የደጋው ሰው በረግረጉና በንዳዱ ክፉኛ ተጐዳ። የሆነ ሆኖ ከጦሩ የተመረጡት በሰኔ ወር የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደርሰው ሰንደቅ ዓላማ ተክለው ተመለሱ። በእነርሱ ዘንድ ይገኛል ተብሎ የታሰበው የፈረንሳዩ ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከዚያ በኋላ፥ በሐምሌ ወር ነው። ጥቂት ሳምንታት ቢታገሡ ኖሮ ሁለቱ ይገናኙ ነበር። ከእኛ አንዱ ይህን ሲሰማ፤ «እኛ አገር ቀጠሮ የማይከበረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው እንዴ?» ቢል ጋሼ፤ «በዚህኛው የዘገየው ፈረንጁ ነው!» ብለው አሳቁን። ተሰማ በኋላ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነው በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. አረፉ።

ከኮረብታው ወርደን ወደ ገበያው ስንሄድ የቡናውን ነገር ሰማን። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ነበር፤ ይኸውም በኋላ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የጎሬ ቡና ወደ ዓለም የሚወጣው በአዲስ አበባ ሳይሆን በጋምቤላ፥ በካርቱምና በግብፅ በኩል ሆነ። ግሪኮችና ሌሎችም የውጭ አገር ነጋዴዎች በጎሬ ተቀመጡ፤ እንግሊዝም ቆንሲል አኖረችባት፤ የአሜሪካ ሚስዮንም መጣ።

እዚህ ላይ ግን ማንም ያላስተማረን አንድ ነገር አለ። ቡና የሚለቀመው ውኃ በሚጐድልበት በበጋ ነው፤ መርከቡ ባሮን ሊወጣ የሚችለው ግን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነው። በክረምት ደግሞ የጎሬ መንገድ በጭቃ ይዘጋል። ስለዚህ ነጋዴው ቡናውን በበጋ በበቅሎ ጭኖ፥ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን አውርዶ፥ በጋምቤላ መጋዘን እስከ ክረምት ያስቀምጠዋል። መንገዱ አምስት ስድስት ቀን ይፈጃል። በመካከሉም ዝንቡ በቅሎውን፥ ንዳዱ ነጋድራሱንም ጫኙንም ያለ ልዩነት ይጥላቸዋል። ሐሳቡ ለአፍታ ያዘን፤ ዛሬ በአንድ ሲኒ የምንጠጣው ቡና በዚያ ዘመን ወጥቶ እስኪሸጥ ግማሽ ዓመት ይጠብቅ ነበርና። በኋላ የመኪና መንገድ በጅማ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲዞር፥ ጋምቤላም በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስና የወንዙ ንግድ ሲቀዘቅዝ፥ የጎሬም ገበያ አብሮ ቀዘቀዘ። በደርግ ዘመን ዋና ከተማነቱም ወደ እኛው ወደ መቱ ሄደ። አንዳንዶቻችን በዚህ ጊዜ ትንሽ ኰራ ብለን ስንተያይ ጋሼ አይተውን ዝም አሉ።

ከቀትር በፊት በአንድ ዋርካ ሥር አስቀመጡንና መምህራችን ወደ ጠየቁን ጥያቄ ገባን።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማዪቱን ያዘ። ነገር ግን ምዕራቡ ገና አልተያዘም። ስለዚህ መንግሥቱ በጎሬ እንዲቆም ተወስኖ ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ነበሩ፤ በሽሬ ግንባር የተዋጉት ራስ እምሩም በጎጃም አልፈው፥ ዓባይን ተሻግረው እንደራሴ ሆነው መጡ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ከውጭ አገር የተማሩ ሰዎች በወለጋ «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሌሊት ያቃጠሉትና ጄኔራል ማልዮኮን የገደሉት እነዚህ ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ። ስማቸው በማናውቃቸው የዓለም ከተሞች ስለ ኢትዮጵያ ሲከራከሩ፤ «በጎሬ ገና መንግሥት አለ፥ የለም» የሚል ቃል ይነሣ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማም ሳይቀር ስለዚህች ከተማ ጠይቋል።

እኛ የተቀመጥንበት ሣር ላይ ሁለት ፍየሎች ይግጡ ነበር።

መንግሥቱ ሰባት ወር ሳይሞላው ጠላት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩ ወደ ደቡብ ወርደው፥ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው በታኅሣሥ እጃቸውን ሰጡ። ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ፤ በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ የታሰረው በዚያችው ደሴት መሆኑን ስንሰማ አጨበጨብን። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግን ከጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ከእነርሱም ውስጥ ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ የማይበልጥ ነበሩባቸው።

በዚህ ጊዜ ከክፍላችን አንዲት ልጅ ተነሥታ፤ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ጎሬ ስለ ምን አልጸናችም? ያገሬው ሰው ስለ ምን አልረዳቸውም?» ብላ ጠየቀች። አንድ ጓደኛችን ፈጥኖ፤ «ከሃዲ በዝቶ ነው እንጂ!» አለ። የዚህ ልጅ ቅድመ አያት ከተሰማ ጦር ጋር ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ የጠያቂዋ ደግሞ የዚሁ አገር ገባር ነበሩ። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ናቸው።

ጋሼ ሁለቱንም አልተቈጡም። መጀመሪያ የጦሩን ነገር ነገሩን፤ የኢሉባቦር ጦር አስቀድሞ በደጃዝማች መኰንን እንዳልካቸው መሪነት እስከ ኦጋዴን ግንባር ዘምቶ ስለ ነበረ፥ አገሩ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ጥይትም በበቂ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፤

«ልጆቼ፥ ይህን ጠዋት በኮረብታው ላይ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ያ ግቢ ሲታጠር ግንዱን የተሸከመ ማን ነው? ገባሩ ነው። ለወታደሩ እህል የሚሰፍር፥ ማር የሚያገባ፥ እንጨት የሚለቅም፥ ሚስቱ የምትፈጭለት ገባሩ ነው። ከዚህ አገር ሰው እንደ ከብት ተነድቶ የተሸጠበትም ዘመን ነበረ። ራስ ናደው ይህን አገር ከገዙት አንዱ ናቸው፤ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በማኅበሩ ስትገባ በጄኔቭ ከነበሩት መልእክተኞች አንዱም እርሳቸው ናቸው። ባርነትን እናጠፋለን ተብሎ ቃል የተገባው በዚያ ነው። ቃሉ ከጄኔቭ ጎሬ እስኪደርስ ግን ብዙ ቈየ። እንግዲህ በ1928 አንድ ገባር ጌታው ሲሸነፍ ቢያይ፥ ምን ይሰማዋል?»

ማንም አልመለሰም። ቀጥለውም በዚያው ዓመት አንዳንድ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል በካፒቴን ኧርስኪን በኩል፥ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ሥር የእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲሰጣቸው እንዳመለከቱ ነገሩን። ለኢጣልያ ከመገዛትም ወደ ቀድሞው ሥርዓት ከመመለስም ሌላ መንገድ ፈልገው ነበር። ማመልከቻው ፍሬ አላፈራም። በአንጻሩ ደግሞ የጥቁር አንበሳ ማኅበር በዐሥር አንቀጽ ባወጣው ደንብ ውስጥ ገበሬውን ማንገላታት ክልክል እንደ ነበረ ጨመሩልን። «አያችሁ፥ የተማሩት ልጆች ጥፋቱ የት እንዳለ ገብቷቸው ነበር። ነገር ግን ደንብ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ ገበሬው ቤት እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። እነርሱ ደግሞ ጊዜ አልነበራቸውም» አሉ።

ያ ጓደኛችን፤ «እንግዲያው ከሃዲ ማለት አይገባም?» ሲል ጠየቀ። ጋሼ፤ «ለጠላት መንገድ የመራ ከሃዲ ነው። ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ግን መጀመሪያ ጠይቀው» ብለው መለሱለት። ይህን አንቀጽ ስንጽፍ ሦስት ጊዜ ሰርዘናል። ከፊላችን ለበዓል መጽሔት አይስማማም ሲል፥ ከፊላችን ደግሞ እርሱ ከወጣ የቀረው ሁሉ ይውጣ አለ። በመጨረሻ ድምፅ ሰጥተን በሁለት ብልጫ ገባ።

ነጻነቱ እንዴት እንደ ተመለሰ ለመንገር ብዙ ጊዜ አልቀረም፤ ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና። በ1933 ዓ.ም. ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች በሱዳን አቋርጠው በመጋቢት ጋምቤላን ያዙ፤ ሰኔ 26 ቀን በሰዮ፥ ማለትም በደምቢ ዶሎ፥ ጄኔራል ጋዜራ ከሌሎች ስምንት ጄኔራሎች ጋር እጁን ሰጠ። እነዚያ የኮንጎ ልጆች ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር ሆነው የሰው አገር ነጻ ለማውጣት ስንት ወንዝ እንደ ተሻገሩ ስናስብ ገረመን። ስለ እነርሱ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ይጻፉት።

ቆንሲሉ ይኖርበት የነበረውን ሰፈር ልናይ ስንነሣ የጎሬ ዝናብ ወረደ። ጃንጥላ የነበራቸው ጋሼ ብቻ ስለ ሆኑ እየሮጥን ወደ አንዲት ሻይ ቤት ገባን። በእኛ ልብስ የተንጠባጠበው ውኃ ወለሉን ሲያጥለቀልቀው ባለቤቲቱ ሳይቈጡ ቡና አፈሉልን። ጠያቂዋ ልጅና ያ ጓደኛችን እስከዚያ ድረስ ክርክራቸውን አልጨረሱም ነበር፤ በሚኒባሱም ውስጥ እስከ መቱ ድረስ ቀጠሉ። እስከ ዛሬም አልጨረሱም።

ጋሼ ለድካማቸው ያዋጣነውን ጥቂት ገንዘብ አልቀበልም ብለው ጽሑፉ ሳይታተም እንዲያዩት ብቻ ለመኑን። እኛም ላክንላቸው። ስለ ገባሩ የጻፍነውን አልነኩትም። አንድ በቅሎ ከጎሬ ጋምቤላ የምትሸከመውን ቡና ስምንት ፈረሱላ ብለን ከጻፍንበት አጠገብ ግን በቀይ እስክሪፕቶ «አምስት። ምስኪኗን ገደላችኋት» ብለው ስለ ጻፉበት፥ ያንን ዐረፍተ ነገር አውጥተነዋል።