የመራጩ መንገድና የመራጩ ስም፦ የሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ

የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት መጻፉ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከመራጩ ደጅ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት የሕንድ የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1950 በሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት፣ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ዜጋ ሁሉ፣ በጾታ፣ በሀብትም ሆነ በትምህርት ሳይለይ የመምረጥ መብት ሰጠ። በመዝገብ የሰፈሩት መራጮች 173 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከመቶ 85 የሚሆኑት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ምርጫው በቶሎ እንዲካሄድ ቢሹም፣ የመጀመሪያው የምርጫ ኮሚሽነር ሱኩማር ሴን ግን ለዝግጅቱ በቂ ጊዜ እንዲሰጥ ጠየቁ።

መራጩ ፊደል እስኪቆጥር መጠበቅ የማይቻል በመሆኑ፣ የምርጫው አሠራር ለመራጩ ሁኔታ እንዲስማማ ተደረገ። ለፓርቲዎቹ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የተወሰዱ ምልክቶች ተሰጡ፤ ይኸውም ጥማድ በሬ፣ ጎጆ፣ ዛፍ፣ የዘይት መብራትና የመሳሰሉት ናቸው። በየጣቢያውም ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክቱ የተለጠፈበት የራሱ ሣጥን ቀረበ። መራጩ ብዕር መጨበጥ ሳያስፈልገው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ወረቀቱን በወደደው ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥም በጣቱ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ይቀባ ነበር።

የቦታው ርቀትም ቢሆን በመራጩ ላይ ብቻ አልተጣለም። በሂማላያ ተራሮች የምትገኘው የቺኒ ወረዳ በረዶ መንገዱን ሳይዘጋው በፊት፣ በጥቅምት 1951 ከሌላው አገር ቀድማ ድምፅ ሰጠች፤ ምርጫው በመላ አገሪቱ የተጠናቀቀው በየካቲት 1952 ነው። 200,000 ያህል የድምፅ መስጫ ቦታዎች ሲዘጋጁ፣ ወደ አንዳንድ የተራራ መንደሮች ለመድረስ በወንዞች ላይ ድልድይ መሥራት ግድ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ ያልተበገረበት አንድ ጉዳይ ነበር። በሰሜን ሕንድ ብዙ ሴቶች በልማድ ምክንያት ስማቸውን ለእንግዳ ሰው መንገር ስላልፈቀዱ፣ መዝጋቢዎቹ «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» እያሉ ጻፏቸው። ሴን ይህን አልተቀበሉትም። መራጭ በራሱ ስም የሚታወቅ ዜጋ እንጂ የሌላ ሰው ተቀጥላ አይደለም ሲሉ መዝገቡ እንዲታረም አዘዙ። ሆኖም 2.8 ሚሊዮን የሚያህሉ ሴቶች ስማቸውን ሳያስመዘግቡ በመቅረታቸው ከመዝገብ ተሠረዙ።

ውሳኔው በሁለት ወገን ሊመዘን ይገባዋል። በአንድ በኩል፣ ስም አልባ መራጭን መቀበል ልማዱን በመንግሥት ማኅተም ማጽናት በሆነ ነበር። ሴንም ሴቶቹ እስከሚቀጥለው ምርጫ በራሳቸው ስም ይመለሳሉ የሚል ተስፋ ነበራቸው። በሌላ በኩል ግን፣ ዋጋውን የከፈሉት ልማዱ የተጫነባቸው ሴቶች እንጂ የጫኑባቸው ሰዎች አልነበሩም። ማንበብ ላልቻለው አሠራሩን የለወጠው መሥሪያ ቤት፣ ስሟን ለመናገር ላልደፈረችው ሴት ግን ራሷ እንድትለወጥ ጠየቀ።

ሴን በ1953 የኢትዮጵያ ጎረቤት በሆነችው በሱዳን የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በአገራቸው ደግሞ ወደ መራጩ የመሄድ ልማድ ጸንቶ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት በጉጅራት በጊር ደን ውስጥ ለአንድ ነዋሪ ብቻ የድምፅ መስጫ ጣቢያ እስከ ማቋቋም ደርሷል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ የምርጫ ምቹነት የሚለካው በጣቢያው ቅርበትና በሣጥኑ ምልክት ብቻ አለመሆኑ ነው። የምርጫው ሥራ የሚጀምረው ከድምፅ መስጫው ቀን ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ መዝጋቢው በአንዲት ጎጆ ደጃፍ ቆሞ የባለቤቲቱን ስም በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ጥያቄው በማን አንደበትና በምን አኳኋን እንደሚቀርብ ካልታሰበበት፣ ድልድዩም ሆነ ሣጥኑ ለእርሷ አይጠቅማትም።