ከዘጌ ጥላ እስከ ጃቫ ጎዳና

የምኖረው አምስተርዳም ምሥራቅ፣ ኢንዲሸ ቡርት ነው። ሰፈሩ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሠራ መንገዶቹ ሆላንድ በቅኝ በያዘቻቸው ደሴቶች ስም ተጠሩ፤ ጃቫስትራት፣ ሱማትራስትራት፣ ባሊስትራት። እኔ በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው የቡና ደኗ የዘጌ ልጅ ነኝና ጃቫ ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ቡና ነው።

ከእኛ ወደ የመን የተሻገረውን ቡና ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጃቫ ላይ ተከሉት። እ.ኤ.አ. በ1706 አንድ ችግኝ ከጃቫ አምስተርዳም ገባ፤ ያረፈበት የዕፅዋት መናፈሻ፣ ሆርቱስ ቦታኒኩስ፣ ዛሬም ከሰፈሬ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ዘር የተገኘ ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ።

ጃቫ ላይ ቡናው ብቻውን አልቆመም። በመካከሉ ዳዳፕ የሚባል ዛፍ ይተከል ነበር፤ የእኛው ኮርች የቅርብ ዘመድ ነው። ሥሩ ከአየር ናይትሮጂን ያስገባል፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያለመልማል፣ ጥላው ሐሩሩን ይመክታል። ዘጌ ላይ ይህን የሚሠሩት ብርብራና ሰሳ ናቸው፤ ዋንዛም አለበት። በዚያ ባሉት ገዳማት ሥርዓት እርሻ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ስለነበር ደኑ ቆየልን።

ጥላ ግን ድካም አለው። ሲበዛ ቡናው ፍሬ ይነፍጋል፣ ስለዚህ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ማሳሳት የግድ ነው፤ የወደቀ ግንድም ከሥሩ ያለውን ቡና ይሰብራል። ጃቫ ላይ ይህን ሁሉ የተሸከመው ገበሬው ነው። ከ1830 ጀምሮ የቅኝ መንግሥቱ አስገድዶ አስተከለው፣ ምርቱንም ራሱ በቆረጠው ዋጋ ወሰደበት። ዳዳፑ ከግፍ አላዳነውም፤ ከበሽታም እንዲሁ። በ1870ዎቹ የቅጠል ዋግ ገብቶ የቆላውን አረቢካ ጨረሰው።

ዘጌንም የሚያሰጋት ዛፉ አይደለም። እህል የሚሸመተው ከገበያ ስለሆነ፣ የቡናው ገቢ ሲያንስ ሰዉ እንጨት ቆርጦ በሐይቁ ላይ ባሕር ዳር ወስዶ ይሸጣል። በአገራችን ደቡብ ደግሞ ቡና፣ እንሰትና ዛፍ በአንድ ማሳ የሚያኖሩት ጌዴኦዎች በ2023 መልክዓ ምድራቸው በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሮላቸዋል። ደስ ይላል፤ ሆኖም መዝገብ የገበሬውን ጎተራ አይሞላም።

እዚህ ከተማ ቡና ከአገር ቤት የምታስመጡ ወገኖቼ፣ ከጥላ ሥር ለተለቀመው ቡና ዋጋ ጨምራችሁ ክፈሉ። ዛፉን የሚያቆየው ያ ገንዘብ ነው።